በረዶ ቤት የገባው ደብዳቤ

ያ ነሐሴ ሁሉ ነገር እርጥብ ነበር። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላባራም። ጠዋት ስነሳ አንሶላው ገላዬ ላይ ይለጠፋል፤ የቁም ሣጥኑ በር አብጦ አልዘጋ ይላል፤ ጨው በዕቃው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ በማንኪያ እየፈለፈልኩ አወጣዋለሁ። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላምታውን ትቶ ወንዙን ነበር የሚጠያየቀው። «የድልድዩ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል አሉ።» «አራተኛው ላይ ነው እንጂ፣ አሁን አይቼው መጣሁ።» አንድ ዓይነት መፍዘዝ ይዞን ነበር። ውሃው እንደሚመጣ እያወቅን፣ የሚመጣው ለሌላ ሰው ይመስል ፎሶሊያችንን እየቆረጥን ተቀመጥን።

ፎሶሊያ ያልኩት ሥራዬ ስለነበር ነው። ከሉዥኒ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የአትክልት ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አተሩ፣ ቆስጣው፣ ፎሶሊያው በእኛ እጅ ይታጠብና ተቀቅሎ፣ ታሽጎ በረዶ ቤት ይገባል። እኔ ማጠቢያው ላይ ነበርኩ። በጎማ ውሃ እየለቀቅን፣ ከሥር የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ማጠብ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ይህንን አሁን የምናገረው ኋላ ስለሚመጣ ነው።

ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ሁለት ነው። ወንዛችን ቭልታቫ ማክሰኞ ዕለት ከተማዋ ውስጥ ገባ። በዋናው መንገድ፣ በዳቦ ቤቱ በኩል፣ አድራሻ እንደሚጠይቅ እንግዳ ቀስ ብሎ ገባ። ሐሙስ ወጣ። ትቶልን የሄደው ጭቃ ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ናፍጣ፣ ሽንት ቤትና የበሰበሰ ድንች።

አርብ ጠዋት ሽቴፓን፣ አለቃችን፣ ሁላችንንም ሰበሰበንና «ሁለተኛው በረዶ ቤት ባዶ ይደረግ» አለን።

«አተሩስ?» አልኩት።

«አተሩ ይሰደዳል። መጽሐፍ ሊገባበት ነው።»

«መጽሐፍ በረዶ ቤት ምን ሊሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ድራሁሼ። ብርዱ ሲገባ በሾርባ እናየው ይሆናል።»

ሳቅን። ከዚያ ስድስት ሴቶች ተመረጥንና በጭነት መኪና ወደ መዝገብ ቤቱ ተላክን፤ እጃችን ውሃና ብርድ የለመደ ነው ተብሎ።

መዝገብ ቤቱ የድሮ ቢራ መጥመቂያ ነበር። ወረቀቱ የሚቀመጠው ምድር ቤት፣ ያን ጊዜ በርሜል ይደረደርበት በነበረው ክፍል ነው፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ ለወረቀት ይስማማል ተብሎ። ግቢው ውስጥ ስንደርስ ያ ሁሉ ወረቀት ከነጭቃው ተቆልሏል። የሞተ ከብት ክምር ነው የመሰለኝ። ከክምሩ አጠገብ አንዲት ቀጭን ሴት ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ግራጫ ሽርጥ ለብሳ፣ ጸጉሯ ውስጥ ሁለት እርሳስ ሰክታ ቆማለች። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ክቬቱሼ ብራዝዶቫ እሷ ነበረች።

ስሟን ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ከተማው ሁሉ የሚያወራላት አንድ ታሪክ ነበራት። ከንቲባው አንድ ቀን የድሮ የመሬት መዝገብ ሊያይ መጥቶ «እጅዎን ይታጠቡ» አለችው አሉ። «ሴትዮ፣ እኔ እኮ ከንቲባ ነኝ» ቢላት፣ «ከንቲባነትዎ እጅዎ ላይ አልታየኝም፤ ሳሙናው እዚያ ነው» አለችው ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ስትሠራ አንድ ወረቀት እንኳ ወደ ቦታው ሳይመለስ ቀርቶ አያውቅም። እንደዚህ ያለች ሴት ነበረች። ሰው አይወዳትም፤ ግን ሁሉም ያምናታል።

ከዋና ከተማው የመጣ አንድ ሰውዬ ሥራውን አስረዳን። «ወረቀት ከረጠበ በሦስት በአራት ቀን ይሻግታል» አለ። «ይህን ሁሉ ለማድረቅ ደግሞ ጊዜም ቦታም የለንም። በረዶ ውስጥ ከገባ ግን ሻጋታውም ወረቀቱም ባሉበት ይቆማሉ። ከዚያ በየተራ ይደርቃል።» አሠራሩን አሳየን። ጥቅሉን ሳትከፍት ጨብጠህ ይዘህ ጭቃውን በቀስታ በንጹሕ ውሃ ታለቀልቃለህ። እርጥብ ጥቅል በምንም ምክንያት አይከፈትም፤ ከተከፈተ ይቀደዳል። ከዚያ በላስቲክ ትጠቀልለዋለህ፤ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ጀርባውን ወደታች አድርገህ፣ ሳታጨናንቅ ትደረድራለህ። ቁጥሩ በእርሳስ ይጻፋል፤ ቀለም ውሃ ይወስደዋል።

«ቀለም የሚለቅ ካያችሁ ደግሞ ወዲያው አቁሙ» አለች ክቬቱሼ ከኋላው። «አትጠቡት። እንዳለ ጠቅልሉት።»

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጎን ለጎን ሠራን፤ እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትጠቀልላለች። «ወይዘሮ፣ ቀስ»፣ «ወይዘሮ፣ ከጎኑ ይያዙት» ትለኛለች፤ እኔም እርስዎ እያልኩ እመልሳለሁ። ያጠብኩት ሁሉ ጭቃ ለብሶ አንድ ዓይነት ነው፤ በየጥቅሉ ላይ የነበረው ቁጥር ተልጦ ሄዷል። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ ወፍራም ጥቅል አነሳሁ። ውሃ ስለቅበት መጀመሪያ ጭቃ ወረደ፤ ቀጥሎ ሐምራዊ። ከካርቶኑ ሽፋን የሚለቅ ቀለም መሰለኝ። እጄ የለመደውን ሠራ። ውሃው እስኪጠራ አጠብኩት። ሲጠራ፣ ደግ ሠራሁ ብዬ ዘረጋሁላት።

አልተቀበለችኝም። ጥቅሉ የታሰረበትን ገመድ አየች፤ ሌላው ሁሉ በነጭ ሲታሰር ያ በአረንጓዴ ነበር። ከዚያ እጄን አየች። ጓንቴ ተቀዶ ጣቶቼ ሐምራዊ ሆነዋል።

«ይኼ ውሃ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?» አለችኝ።

«ትንሽ ሐምራዊ።»

«ስንት ጊዜ አጠቡት?»

«እስኪጠራ።»

«እስኪጠራ» አለች። አልጮኸችም። ጎማውን ከእጄ ወስዳ ዘጋችውና ጥቅሉን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። በላስቲክ ጠቀለለችው፤ ሳጥን ውስጥ ለብቻው አስቀመጠችው። ከጸጉሯ እርሳስ አውጥታ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብላ ጻፈች። የጻፈችው ቁጥር ቀጥ ያለ ነበር። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ለምሳ በባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጥን። የአሳማ ስብ የተቀባ ዳቦ በሽንኩርት ይዤ ስለነበር ከፍዬ ሰጠኋት። ልጠይቃት ፈራሁ፤ ዝም ማለትም አልቻልኩም።

«ወይዘሮ ብራዝዶቫ፣ ጥፋቴን ይንገሩኝ» አልኳት።

ዳቦዋን እያየች ነገረችኝ። አባቷ ያሮሚር ወፍጮ ቤት ነበረው። መሬቱን ለኅብረት እርሻው አልሰጥም ብሎ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ወሰዱት፤ እሷ ያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ ናት። እስር ቤት ሞተ። እናቷ እስክትሞት ድረስ «አባትሽ አንድ ቃል እንኳ ሳይጽፍልን ሄደ» እያለች ኖረች። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ የፍርድ ቤቱን የድሮ መዝገቦች ስትደረድር ክቬቱሼ የአባቷን መዝገብ አገኘች፤ ያ በአረንጓዴ ገመድ የታሰረው ጥቅል ነው። ውስጡ አንድ ደብዳቤ አለ። አባቷ ጽፎ ነበር። የእስር ቤቱ ሰዎች ናቸው ያልላኩት።

«በምን ነው የተጻፈው?» አልኳት፤ ቀድሜ ገብቶኛል።

«በኮፒያ እርሳስ። እስር ቤት ሌላ አይሰጧቸውም ነበር።»

የእኔ ዕድሜ ሰው ያንን እርሳስ ያውቀዋል። ጫፉን በምራቅ ሲነኩት ሐምራዊ ይሆናል። ፖስታ ቤት ውስጥ በገመድ ታስሮ ይቀመጥ ነበር። የልጆች ከንፈር ሁሉ ሐምራዊ ነበር ያን ጊዜ።

«ኮፒውን አላነሱም?»

«የኮፒ ማሽኑ ብርሃን ያንን እርሳስ ያደበዝዘዋል። ለሌላ አንባቢ የከለከልኩትን ለራሴ ልፈቅድ ነው?» ፍርፋሪውን ከሽርጧ አራገፈች። «በዓመት አንድ ጊዜ፣ በስሜ ቀን፣ የስሜ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በሰኔ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ቅጽ ሞልቼ፣ ጓንት አድርጌ አነበው ነበር። አሥራ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«ውሃው ሲመጣስ? አስቀድሞ ማውጣት አይቻልም ነበር?»

«የነበረን ጊዜ አራት ሰዓት ብቻ ነው። በዝርዝሩ መሠረት ነው ያወጣነው። መጀመሪያ የከተማዋ የብራና ሰነዶች፣ ከዚያ የመሬት መዝገቦች፣ ከዚያ እየቀጠለ። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ውሃው ደረጃው ላይ መጣ። የሃምሳዎቹ የፍርድ ቤት መዝገብ ዘጠነኛ ነበር።»

«ያንን ዝርዝር የጻፈው ሰው እጁ ይቆረጥ» አልኩ፤ ላጽናናት ብዬ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «አምስተኛ ላደርገው አስቤ ነበር። ለራሷ አደላች እንዳይሉኝ ዘጠነኛ አደረግኩት።»

ከእሷ አንድ ዓመት እበልጣለሁ፤ በወጉ አንቺ መባባልን የሚጀምረው ታላቅ ነውና «ከእንግዲህ አንቺ እንባባል፤ ድራሁሼ በይኝ» አልኳት። እሺ አለች። «በይ እንክፈተውና እንየው፣ ክቬቱሼ። እንዲህ ሆኖ ከመጠበቅ ማወቁ አይሻልም?»

«እርጥብ ጥቅል አይከፈትም» አለችኝ።

ከዚያ ደብዳቤውን በቃሏ አለችልኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው። ስሟን አቆላምጦ «ክቬቲንካዬ» ብሎ እንደሚጀምር አውቃለሁ። ሌላውን ግን በአንድ ጆሮዬ ነበር የሰማሁት። ፎርክሊፍቱ ሳጥኖቹን ሊያነሳ ወደ ኋላ እየመጣ ነበር፤ ነጂው አያይም፤ የሴቶቹን እግር እንዳይነካ እያየሁ ነበር። ጥሩ ደብዳቤ እንደሆነ አስታውሳለሁ። ስትጨርስ «ጥሩ ሰው ነበር» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ጣቴ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሐምራዊ ሆኖ ቆየ፤ በሎሚም፣ በበረኪናም አልለቅ አለ።

በዚያው ቀን ሳይመሽ ሳጥኖቹ ሁሉ በረዶ ቤት ገቡ። ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ዲግሪ ነው። ሽቴፓን በሩ ላይ ቆሞ እየቆጠረ «ጎረቤቱ ቆስጣ ነው፣ እንዳይጣሉ» አለ። እሷም ፈገግ አለች፤ አየኋት።

ማድረቂያው ያለው ዋና ከተማ ነው፤ አንድ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ የሚያስገባው ጥቂት ነው፤ አንዱ ዙር ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። የሚጠብቀው የእኛ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የግማሽ አገር ነው። ሉዥኒ ተራው ሲደርሳት ደግሞ ሳጥኖቹ የሚሄዱት በዚያው በዝርዝሩ ነው። ዘጠነኛው ዘጠነኛ ነው።

በየዓመቱ በሰኔ፣ በስሟ ቀን፣ በአውቶቡስ ትመጣለች። የፕሪም ማርማላታ ያለበት ክብ ዳቦ ጋግራ ለማጠቢያዎቹ ሁሉ ታመጣለች። እኔ ወፍራም ካፖርት አለብሳትና አብሬያት እገባለሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ከታች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። አትነካውም። ፊት ለፊቱ ትቆምና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትንፋሿ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በቃሏ ስትለው እንደሆነ ይገባኝ ነበር። አምስት ደቂቃ ያህል ቆማ ብርዱ ሲጠናባት እንወጣለን።

በሦስተኛው ዓመት ይሆናል፣ «አንቺ እኮ አለቃቸው ነሽ፤ ሳጥኑን ወደፊት አምጡልኝ ብትዪ ማን ይከለክልሻል?» አልኳት።

«አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰው አለ እዚያ ውስጥ፣ ድራሁሼ። እያንዳንዱ የአንድ ሰው አባት ነው።»

«የሁሉም አባት በኮፒያ እርሳስ አልጻፈም።»

«እሱን እኔም አንቺም አናውቅም» አለች።

ጡረታ ወጣች። እኔም ወጣሁ፤ ግን ሽቴፓን በሰኔ ቁልፉን ይሰጠኝ ነበር። ስምንተኛው ዓመት ላይ ይመስለኛል፣ ከሳጥኑ ፊት ቆማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ቆየና መሃል ላይ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እንደገና እዚያው ላይ ቆመች። ስንወጣ ሽፋሽፍቷ ላይ ውርጭ ነበር። «ብርዱ ነው» አለችኝ። በሚቀጥለው ዓመት ገና ሳትጋመስ ቆመች። በዚያው ዓመት ቤቷ ስሄድ ዳቦ መጋገሪያውን ሳታጠፋ ወጥታ ነበር። «አርጅተን ነው» አልኳት፤ እኔ እኩያዋ። ለምን ያን ጊዜ ጻፊው አላልኳትም? እሷ ግን መዝገቡን እያመነች ነበር። ዋናው እያለ ቅጂ ምን ያደርግላታል።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ከዋና ከተማው ማድረቂያ መጥሪያ መጣላት። አብሬያት ሄድኩ። በባቡር ስንሄድ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጸጉሯ ውስጥ እርሳስ የለም። ክፍሉ ነጭ ነው፤ ጠረጴዛው ነጭ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ደርቆ የወጣውን ጥቅል በቀጭን የአጥንት ቢላ ቅጠል በቅጠል እያላቀቀች ነበር።

«እጅሽን ታጥበሻል?» አለቻት ክቬቱሼ።

«አዎ ወይዘሮ፣ ታጥቤያለሁ» አለች ልጅቱ፤ ትሕትና ያላት ልጅ ናት።

በጽሕፈት መኪና የተጻፈው ሁሉ ይነበባል። ክሱም፣ የፍርዱ ውሳኔም፣ የሞተበት ቀንም እንዳለ አለ። ከዚያ የደብዳቤው ወረቀት ወጣ። ልጅቱ በሁለት እጇ አንስታ ፊታችን አስቀመጠችው። ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ አልተቀደደም፣ አልሻገተም። ከላይ እስከታች ግን የገረጣ ሐምራዊ ነገር ነው፤ ደመና ይመስላል። አንድም ፊደል የለም። ገለበጠችው፤ ጀርባውም እንደዚያው ነው። ከታች፣ ጥጉ ላይ ብቻ፣ በተራ እርሳስ የተጻፈ አንድ ቃል ጥርት ብሎ ይታያል። ተራ እርሳስ ውሃ አይወስደውም። የእስር ቤቱ ሰው የጻፈው ነው። «አይላክ» ይላል።

ክቬቱሼ መነጽሯን አወለቀች፤ አጸዳችው፤ መልሳ አደረገችው።

«ልዩ መብራት አለን፤ በእሱ አንዳንድ ጊዜ...» አለች ልጅቱ። መብራቱን አመጡ። አጠፉ። ሌላ አመጡ። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። «ታጥቧል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ለማን እንደምትናገር አታውቅም። እኔ እጄን ከጠረጴዛው ሥር አወረድኩ።

ውጭ፣ ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ድራሁሼ፣ ያን ቀን በቃሌ ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረሽኛል።»

«ምን አልኩሽ?»

ሌላ ሰው የሰማው የለም። ያ ደብዳቤ በዓለም ላይ የቀረበት ቦታ የእኔ ራስ ብቻ ነበር። ፈለግኩ። የዳቦው ስብ ሽታ መጣልኝ፤ ፎርክሊፍቱ መጣልኝ፤ የነጂው ቀይ ኮፍያ እንኳ መጣልኝ።

«ክቬቲንካዬ ብሎ ይጀምራል» አልኳት።

«እሱን አውቃለሁ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ስለ ንቦቹ ይናገራል። ቀፎዎቹን ለክረምት በገለባ ሸፍኗቸው ይላል። አደራ፣ እንዳይበርዳቸው ይላል።»

ፊቷ ለአፍታ በራ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«እኛ ንብ አልነበረንም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ንብ የነበረው የእኔ አያት ነበር። ባቡሩ መጣ። ስትሳፈር ክንዷን ያዝኩላት፤ አላስለቀቀችኝም፣ አልያዘችኝምም።

ከዚያ በኋላ በሰኔ በሰኔ እኔ ወደ እሷ መሄድ ጀመርኩ። ዓመት በዓመት እየራቀች ሄደች። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ካቻምና ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ አውቶቡስ አያሳፍረኝም። መስኮት ዳር ተቀምጣ ነበር። ክብ ዳቦ ይዤላት ሄጄ ነበር፤ ልሰጣት እጄን ስዘረጋ ጣቶቼን ትኩር ብላ አየቻቸው።

«ወይዘሮ፣ እጅዎን ታጥበዋል?» አለችኝ።

«ታጥቤያለሁ» አልኳት፤ እኔም እርስዎ ማለት እንዳለብኝ ገባኝ። «ይብሉ።»

ደብዳቤው ኮረብታው ላይ ወደተሠራው አዲሱ መዝገብ ቤት ተመልሷል፤ ከአባቷ መዝገብ ጋር፣ በድሮው ቦታው። ክቬቱሼ ብራዝዶቫ በሉዥኒ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አሥራ አራተኛው ክፍል ውስጥ ናት። በገና ሰሞን ስልክ ደውዬ ስጠይቅ አለች ብለውኛል።